ማታ ያማረርንበት ጠዋት ተስተካክሎ የሚገኝ አፕ፦ ኦዲኬ ኮሌክት በመስክ ሥራ ላይ

ከአሥር ዓመት በላይ ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ ሰብስቤያለሁ። አሁን ደግሞ የሚሰበስቡትን ልጆች እመራለሁ፤ ሱፐርቫይዘር ይሉናል። በወረቀት ጀምሬ ታብሌት ላይ የደረስኩ ሰው ነኝ። በዚህ መሀል መሥሪያ ቤቶች «ሥራችሁን ያቀልላችኋል» ብለው ያመጧቸውን ስንት ሶፍትዌሮች አይቻለሁ። ስልጠናው ላይ ይጨበጨባል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ ከሦስት ወር በኋላ ሠራተኛው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ከዚያ ኃላፊዎች «ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» ይላሉ። እኔ በዚህ በጭራሽ አልስማማም። ለቴሌግራም ማን ስልጠና ሰጠን? ማንም። ዛሬ ግን የቡድናችን ሥራ ግማሹ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ሠራተኛ የሚጠቅመውን ነገር ለይቶ ያውቃል።

ዛሬ የምጽፈው ከእጃችን ስላልወጣው አንድ አፕ ነው። ኦዲኬ ኮሌክት ይባላል። አንድሮይድ ስልክ ወይም ታብሌት ላይ ትጭኑታላችሁ፣ መጠይቁን ታወርዱበታላችሁ፣ ቤት ለቤት እየሄዳችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ኔትወርክ ስታገኙ ትልኩታላችሁ። በቃ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው፤ መነሻ ድጋፉ ከጉግል የበጎ አድራጎት ክንፍ የመጣ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌሎችም ወስደው የራሳቸውን ሠርተውበታል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ኮቦ ኮሌክት ከዚሁ የወጣ ነው። (ልጆቻችን ቆቦ እያሉ ነው የሚጠሩት፣ እንደ ወሎው ከተማ። እኔም ማረም ትቻለሁ።) አገራችን ውስጥ በዚህ አፕ ብዙ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት፣ ፒኤምኤ የሚባለው የቤተሰብ ዕቅድ ጥናት ለምሳሌ በየአካባቢው የሚኖሩ ሴቶችን አሰልጥኖ፣ ስማርት ስልክ አስይዞ ጎረቤቶቻቸውን እንዲጠይቁ ያደረገው በኦዲኬ ነው።

አፑን ከማሞገሴ በፊት ከየት እንደመጣን ልንገራችሁ። በወረቀት ዘመን አንድ መጠይቅ 30 እና 40 ገጽ ነበር። መጠይቁን ማዳበሪያ ውስጥ ከተን በአህያ እናስጭነዋለን። ዝናብ ከመጣ ጃኬታችንን ለራሳችን ሳይሆን ለወረቀቱ ነው የምናለብሰው። ማታ አልጋ ላይ ተቀምጠን በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ እናገላብጣለን። «አይደለም ካለች ወደ ጥያቄ 214 እለፍ» የሚለውን አንዱ ልጅ ሳያይ ከዘለለው አለቀልን፤ ነገ ሁለት ሰዓት በእግር ተመልሶ ያንኑ በር ማንኳኳት ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ «ትናንት ጠይቃችሁኝ የለ እንዴ ልጄ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲገባ ሁለት ሰው ለየብቻ ኮምፒውተር ላይ ይጽፈዋል፣ የተለያየው እየታየ ይታረማል። ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ታብሌት ሲመጣ ማንም አልጠላም። የጠላነው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ጊዜ የምሠራበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ለመስክ ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ ውድ ሶፍትዌር ገዛ። ስንከፍተው መጀመሪያ የሚጠይቀን ፎቶ ነበር። የራሳችንን ፊት አንስተን፣ ያለንበትን ቦታ አስይዘን «ሥራ ገብቻለሁ» ማለት አለብን። ያ ካልተላከ መጠይቁ አይከፈትም። ለመላክ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል። መንዝ ውስጥ፣ ገደል ሥር ያለ ጎጥ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ኔትወርክ ፈልጉ እስቲ! ልጆቹ ኮረብታ ላይ ወጥተው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይቆማሉ። ኔትወርክ ያጣ ልጅ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል፣ አበሉም ይቆረጣል። አንዷ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሰባት ሰባት ቤት እየሠራች የሦስት ቀን አበል ቀርቶባታል። ደብዳቤ ጽፈን፣ ተከራክረን ነው ያስመለስንላት።

ከዚያ ወደ መጠይቁ ስትገቡ «ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም» ይላችኋል። የእኛ ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ነው እንጂ ላስት ኔም የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ልጅ የአባት ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያት፣ ሌላው ባዶ እንዳይሆን ነጥብ ብቻ። ወረዳና ቀበሌ የሚመረጠው በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ረጅም ዝርዝር ነው፤ አንድ ቦታ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተደርድሯል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጆቹ ደብተር ገዙ። ቀን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ማታ ከተማ ሲገቡ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ቁጭ ብለው ወደ ሶፍትዌሩ ይገለብጡታል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሰሌዳ ላይ ግን ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር፤ ሁሉም ሠራተኛ በየቀኑ ይጠቀማል፣ ሁሉም ፎርም ይላካል። ስብሰባ ላይ ይኼ እንደ ስኬት ሲቀርብ ጆሮዬ ሰምቷል። እውነታው ግን ሠራተኛው በሁለት እጥፍ እየሠራ፣ በእንቅልፍ ሰዓቱ እየከፈለ ነበር።

ፍሬድ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው ጥናት በሙያው ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። ሰው አንድን ሶፍትዌር መቀበል አለመቀበሉን የሚወስኑ ሁለት ነገሮችን ለካ፦ «ይጠቅመኛል» ብሎ ማሰቡን እና «አይከብደኝም» ብሎ ማሰቡን። ከሁለቱ የሚያመዝነው መጥቀሙ ሆኖ አገኘው። እኔ ይህን በመስክ አይቼዋለሁ። ልጆቻችን ከባድ ነገር ችለው ይሠራሉ። ያ ሶፍትዌር የወደቀው ከባድ ስለነበር ብቻ አይመስለኝም፤ ያ ሁሉ ልፋት ለእነሱ አንድም ነገር ስለማይመልስ ነው።

ወደ ኦዲኬ ልመለስ። መጀመሪያ የወደድኩት በአንድ ቤት ውስጥ ባየሁት ነገር ነው።

2011 ዓ.ም.፣ ጥር መጨረሻ። የሕፃናት አመጋገብ ጥናት ላይ ነን። አንዲት መረጃ ሰብሳቢያችን እናትየዋን «እትዬ፣ ልጁ መቼ ተወለደ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየው ትንሽ አሰበችና «የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የጥምቀት ማግስት» አለች። ታቦቱ ገብቶ ሰው ገና ከጭፈራው ሳያርፍ ነው ምጥ የያዛት። ከዚህ በላይ ትክክለኛ መረጃ የለም። ጥር 12 ቀን 2009 ማለት ነው። ቀድሞ በሠራንበት ሶፍትዌር ቢሆን ልጅቷ ይህን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጭንቅላቷ መለወጥ ነበረባት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው። ሰው ሁሉ «ሰባት ጨምር» ብሎ ነው የያዘው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ ግን የሚጨመረው ስምንት ነው። ሰባት ጨምራ ብትጽፍ ልጁ በ2016 ተወለደ ይሆናል፤ ትክክሉ 2017 ነው። አንድ ዓመት ስህተት።

አንድ ዓመት ምን አለው ትሉ ይሆናል። ልጁ ቁመቱ ሲለካ 87 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለ2 ዓመት ወንድ ልጅ ይህ ልክ መሀል ላይ ያለ፣ ጤነኛ ቁመት ነው። 3 ዓመቱ ነው ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ቀንጭሯል። ምንም ያልሆነ ልጅ በአንድ የመደመር ስህተት የቀነጨረ ሆኖ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያሉ ልጆች በአንድ ወረዳ ውስጥ ሃምሳ ቢሆኑ ደግሞ አስቡት።

ኦዲኬ ላይ ልጅቷ ጣቷን አንቀሳቅሳ ጥርን መረጠች፣ 12ን መረጠች፣ 2009ን መረጠች። ከጎኑ የፈረንጁ ቀን ራሱ ተጽፎ መጣ። አለቀ። የቀን መምረጫው አሥራ ሦስቱንም ወር ያውቃል፤ ጳጉሜን አልረሳትም። ወደ ዋናው መዝገብ የሚገባው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ተንታኝም አይቸገርም። ይህን ለማግኘት መጠይቁን የሚሠራው ሰው ማድረግ ያለበት የጥያቄው አቀራረብ በሚወሰንበት፣ አፒራንስ በሚባለው የመጠይቁ ዓምድ ሥር አንዲት ቃል መጻፍ ብቻ ነው። አንዲት ቃል! ይህን ሳያውቁ ስንት ጥናት በሰባት ጨምር በስምንት ጨምር ሲሠራ እንደኖረ ሳስብ በጣም ይቆጨኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አፑን በሠራተኛ ዘንድ ያስወደደው ግን ሌላ ነው። መጠይቁ የሚሠራው በኤክሴል ነው። አዎ፣ ያው የምናውቀው ኤክሴል። አንዱ ገጽ ላይ ጥያቄዎቹ፣ ሌላው ላይ ምርጫዎቹ፣ ሦስተኛው ላይ የፎርሙ ስምና ቁጥር። ለአማርኛው አንድ ዓምድ፣ ለአፋን ኦሮሞው አንድ ዓምድ፣ ለትግርኛው አንድ ዓምድ ትጨምራላችሁ። «ይህ ጥያቄ የሚመጣው ያኛው አዎ ከሆነ ብቻ ነው» የሚለውን እዚያው ሴሉ ውስጥ ትጽፋላችሁ። ፕሮግራመር አያስፈልግም። እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም።

ይህ ለሠራተኛው ምን ያደርጋል? ማታ እራት ላይ ቁጭ ብለን ልጆቹ ያማርራሉ። ሁሌም ያማርራሉ፤ ሥራው አድካሚ ነው። አንዱ «ስለ ውኃው የሚጠይቀው ላይ ‘ከጎረቤት’ የሚል ምርጫ የለም፣ ሁሉም ሰው የሚለኝ ግን እሱን ነው» ይላል። ሌላዋ «ስለ እርግዝናው የሚጠይቀውን አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ መጠየቅ አልቻልኩም፣ ወደ መጨረሻ ይሂድልን፣ ያኔ ብቻዋን ትሆናለች» ትላለች። ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ማስታወሻ ላይ ይጻፍና ለቀጣዩ ዙር ይባላል። በተገዛው ሶፍትዌር ጊዜ ደግሞ ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ድርጅቱ የማስተካከያ ዋጋ ያቀርባል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እኛ ከወረዳው ወጥተናል። አሁን ግን ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ከጥናቱ ኃላፊዎች ጋር ስልክ ደውለን እንስማማለን። አንድ ረድፍ እጨምራለሁ፣ የፎርሙን የቨርዥን ቁጥር እቀይራለሁ፣ እሰቅለዋለሁ። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ያወርዱታል።

ያን ጠዋት የልጁን ፊት ማየት ነው። «ከጎረቤት» የምትለዋ ቃል ስክሪኑ ላይ አለች። እሱ የተናገራት ቃል ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ፎርም የእሱም ሆነ። ሌላ ስህተት ሲያይ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል። የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ለሚያሠሩ ሰዎች ከሁሉ በፊት የምነግራቸው ነገር ይህ ነው፦ ሠራተኛው የተናገረው ነገር በስንት ቀን ውስጥ ስክሪኑ ላይ እንደሚታይ ጠይቁ። መልሱ «በሚቀጥለው ዓመት በጀት» ከሆነ ሠራተኛው መናገር ያቆማል። መናገር ያቆመ ሠራተኛ ደግሞ ደብተር ይገዛል።

አፑ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ግን ሥራው ጥሩ ይሆናል ማለት አይደለም። ይህን የማውቀው በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጥናት ላይ መጠይቁን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ጥናቱ የሚፈልገው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ስለሆነ የቤተሰብ አባላት ዝርዝር ላይ የሴቶች ዕድሜ ከዚህ ውጭ እንዳይገባ ዘጋሁት። ተሳስቻለሁ፤ ዝርዝሩ ሁሉንም ሰው መቀበል ነበረበት። መዝጋት የነበረብኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክፍል ነው። በዚያ ላይ ሲከለክል የሚያሳየውን መልእክት በአማርኛ አልጻፍኩም። ልጆቹ የ50 ዓመት ሴት ሲያጋጥማቸው ፎርሙ እምቢ ይላል፣ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ምን ያድርጉ? 49 ብለው ያልፋሉ። የመጀመሪያው ቀን ዳታ ሲገባ አየሁት፤ ከ15 ዓመት በታች ሴት ልጅ የለችም፣ ልክ 49 የሆኑት ደግሞ ተደርድረዋል። ያን ማታ ከመተኛቴ በፊት አስተካከልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጨርሶ የሚከለክል ነገር የማስገባው በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ነው። በቀሪው ላይ ማረጋገጫ ጥያቄ አስከትላለሁ። «ዕድሜዋ 97 ብለሃል፣ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልክ ነው ካለ ያልፋል። አገራችን ውስጥ 97 ዓመት የሞላቸው እማማ አሉ። ሶፍትዌር እውነቱን አልቀበልም ካለ ሠራተኛውን ውሸት ያስተምረዋል፤ ሠራተኛው አመለኛ ስለሆነ ሳይሆን ቀጣዩ ቤት እየጠበቀው ስለሆነ ነው።

ስለ ኔትወርክና ስለ ባትሪ አጭር ልበል። ኦዲኬ ለመሙላት ምንም ኔትወርክ አይፈልግም። ረቂቅ፣ ለመላክ የተዘጋጀ፣ የተላከ ብሎ ለየብቻ ያስቀምጥላችኋል፤ ልጆቹ ማታ እሱን ቆጥረው ነው የቀኑን ሥራ የሚያስረክቡኝ። እናትየው «ጥጃው አመለጠ» ብላ ብትነሳ አስቀምጠው ኋላ ይቀጥላሉ። መሀል ላይ ስልኩ ቢጠፋ ሲበራ የሞሉትን መልሶ የሚያወጣበት መንገድ አለው። ብርድ ባለበት ደጋ ባትሪ ቶሎ ነው የሚወርደው፤ ፓወር ባንክ አትርሱ። ፎቶ ያለበት መጠይቅ ከሆነ የፎቶውን መጠን መቀነስ የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ካልቀነሳችሁት በወረዳ ኔትወርክ ሌሊቱን ሙሉ ሲልክ ያድራል።

ቁጥጥርን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ይኼ አፕ ልጆቹ የት እንዳሉ ያሳያል?» ይላሉ አለቆች። ልጆቹም በሌላ ድምፅ ያንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ፦ ይችላል። መጠይቁ ሲሠራ ከተጠየቀ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዘግባል፣ ቦታውንም ሊመዘግብ ይችላል። እኔ የወደድኩት አደራረጉን ነው። ቦታ የሚመዘግብ ፎርም ሲከፈት አፑ ራሱ ለሚሞላው ሰው ይነግረዋል። የሚሞላው ሰው ከፈለገ ከምናሌው ሊያጠፋው ይችላል፤ ማጥፋቱም ይመዘገባል። ተደብቆ የሚሠራ ነገር የለም። እኔ ስልጠና ላይ ይህን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። የጊዜ መዝገቡንም ለምን እንደምጠቀምበት እነግራቸዋለሁ፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ሰው ሁሉ እንደሚቆም ሳይ ጥያቄውን ነው የማስተካክለው። እርግጥ የ40 ደቂቃ መጠይቅ በ6 ደቂቃ ከተሞላ ልጁን አናግረዋለሁ። ይህንንም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። የአበል ጉዳይ ግን ከአፑ ጋር ፈጽሞ አላገናኝም። ያቺ ልጅ ላይ የደረሰውን አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ የማይመቸውን ልንገራችሁ፤ አለውና።

የቤተሰብ አባላትን አንድ በአንድ ስትመዘግቡ በየመጨረሻው «ሌላ ልጨምር?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ፈጥነው «ጨምር» ይነኩና ስም የሌለው ባዶ ሰው ይፈጠራል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ስድስት ይሆናል። መፍትሔው መጀመሪያ «ስንት ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆ በዚያው ልክ እንዲደጋገም ማድረግ ነው፤ ይህን ግን ፎርም ሠሪው ማወቅ አለበት። ስልክ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ደግሞ ያልተላከው ሥራ አብሮ ሄደ። ስለዚህ በየማታው መላክ ግዴታ ነው፤ የሰዎች ምስጢር ያለበት ጥናት ላይ መረጃው እንዲቆለፍ ማድረግም እንዲሁ። አፑ በነጻ የሚወርድ ቢሆንም መረጃው የሚጠራቀምበት ሰርቨር ወይ ራሳችሁ ታቆሙታላችሁ ወይ ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ፤ ሙያተኛ የሌለው ትንሽ ድርጅት እዚህ ላይ ይቸገራል። ለእንዲህ ያለው ኮቦ ይቀልለዋል ብዬ አስባለሁ።

ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው የምናልፈው ስክሪኑን በጣት በመግፋት ነበር። ለወጣቶቹ ቀላል ነበር። አንድ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መረጃ ሰብሳቢ ግን አሉን፤ ከኔ በፊት ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ የኖሩ፣ ገበሬ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚቀበላቸው። የመጀመሪያው ቀን ጣታቸው የሻከረ ስለሆነ ስክሪኑ አልታዘዝ አላቸው፣ ጽሑፉም አነሰባቸው። ማታ ጠርተውኝ «ልጄ፣ እኔ ለዚህ ሥራ አርጅቻለሁ መሰለኝ» አሉኝ። ሆዴ ተላወሰ። እንደዚህ ያለ ሰው በአንድ ስክሪን ምክንያት ሊቀር ነው! ሴቲንግ ውስጥ ገባን። የፊደሉን መጠን ትልቁ ላይ አደረግነው፣ በመግፋት ፈንታ ቀጥል እና ተመለስ የሚሉ ቁልፎች እንዲመጡ አደረግን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በሦስተኛው ቀን ከሁሉም በላይ ጥራት ያለው ፎርም የሚልኩት እሳቸው ነበሩ፤ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ያውቁበታላ። አሁን ስልጠና ስንሰጥ ይህን ሴቲንግ ለሁሉም በመጀመሪያው ሰዓት እናሳያለን። ማንም አፍሮ እስኪጠይቅ አንጠብቅም።

ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ ከመስክ ጋር የተያያዘ ሥራ ካላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ብትጎበኙ፣ እህል ብትመዝኑ፣ የውኃ ነጥብ ብትቆጥሩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምመክረው ይህን ነው። ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ፎርሙን ግን ቢሮ ተቀምጣችሁ ብቻችሁን እንዳትሠሩት። ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ቀን አብራችኋቸው ቤት ለቤት ሂዱ፣ ሲሞሉ ትከሻቸው ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ከጎናቸው ተቀምጣችሁ እዩ። የት ላይ ፊታቸውን እንደሚያኮማትሩ ታያላችሁ።

የቀነስኩት ግማሽ ነጥብ የሰዓቱ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያወቀው አፕ ሰዓቱን አያውቅም። «ላሟን ስንት ሰዓት ታልቢያለሽ?» ሲባሉ «12 ሰዓት» ይላሉ፤ ጠዋት 12 ወይስ ማታ 12? ስክሪኑ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነውና ልጆቹ ስድስት እየጨመሩ ስድስት እየቀነሱ ነው የሚሞሉት፣ በአሥረኛው ቤት ላይ ደግሞ ድካም ይገባል። እኔ ለጊዜው መጀመሪያ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ብዬ አስመርጣለሁ፣ ቀጥዬ የሰዓቱን ቁጥር እንደተናገሩት አስጽፋለሁ፣ መለወጡን ለኤክሴሉ ቀመር እተወዋለሁ። ይሠራል። ግን እንደ ቀኑ በአንዲት ቃል የሚያልቅበትን ቀን እየጠበቅኩ ነው።